የነፋስ ቤት

ኦርጋን ማለት ባጭሩ፣ ነፋስ የታጨቀ ቤት ነው፤
ሺህ ቱቦ ቢደረደር፣ ትንፋሽ ነው የሚያናግረው።
አለቃዬ ዤሞቪት፣ ስድሳ ሁለት ዓመት፤
ቃኚ ነው፤ ቃኚ ነበር የአባቱም አባት።
በቪስዋ ወንዝ ዳር ዳር፣ ባሉት ከተሞች ሁሉ
የቱ ቱቦ በብርድ እንደሚታመም ያውቃል በቃሉ።

እኔ ቁልፍ ተጫኝ ነኝ። እሱ ከእንጨቱ ሆድ ገብቶ
"ያዢ!" ይላል፤ እይዛለሁ፣ ጣቴ በብርድ ደንዝቶ።
ሁለት ድምፆች ሲጣሉ፣ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤
ያን መንቀጥቀጥ በጆሮው እየለቀመ፣
እስኪታረቁ ይጠብቃል።
ለዚህ ዝምታ ያስፈልጋል።
ሳል ክልክል ነው። ሰዓቴን እንኳ በኪሴ አልይዝም፤
ስትቆጥር ትሰማዋለች፤ እንኳን ሰው፣ ዝንብ አታልፈውም።

የገናው ዛፍ ገና ከጥጉ ሳይነሳ፣ ደርቆ ተጥሎ፣
በረዶ በጣሪያው ጫፍ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ፣
ድንገት አንድ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ጎርናና፤
ጉርርር ብሎ ቀጠነ፤ ቆመ፤ ጀመረ እንደገና።
"አየር ያፈሳል!" አለ።
ወናፉን ፈታው፤ ቆዳው ደህና።
ቱቦዎቹን አንድ ባንድ አወረደ፣ በሻማ ፈተሸ፤
ሁለት ሰዓት ሲያስስ፣ ጢሙ ባቧራ ተለወሰ፣ መሸ።

እኔማ አውቄያለሁ።
አውቄም በሆዴ ያዝኩት። "አለቃዬ፣ ሆድዎ ነው" ይባላል?
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤
አተር ደግሞ ይዘምረዋል።

በመጨረሻ መዶሻ ሊያነሳ ሲል፣ ያው ድምፅ ከራሱ ወጣ።
ጆሮውን ወደ እምብርቱ፣ ቁልቁል አዘነበለ፤
እንደ ቱቦ አደመጠው። ቆየና፣ "ፋ ነው" አለ፤
"ፋ፣ ትንሽ ወረድ ያለ።"
ሳቅን፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ እንባችን እስኪመጣ።

ከዚያ ምሳውን ከፈተ። በጣሳ ይዞት ነበር፤
ጎምዛዛ ጥቅል ጎመን፣ ከክክ አተር ጋር፤
ጥሬ ሽንኩርት በላዩ፣ ጥቁር ዳቦ ከጎኑ።
"በየቀኑ?" አልኩት።
"በየቀኑ።"

ጎመኑን በበርሜል የጣለችው፣ ጌኖቬፋ ናት፤ ሚስቱ።
በመስከረም ከተፈች፤ ጨው ነሰነሰች፤ ድንጋይ ጫነች ካናቱ።
በኅዳር ሞተች።
እንዳይደፋው፣ እጇ አለበት፤
በልቶ እንዳይጨርሰው፣ ያኔ እሷም ታልቃለች።
ስለዚህ ይበላል፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቆሞ፣ ከመስኮቱ ሥር፤
ሌሊት ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሊያድር።

እናቴ ሳሎሜያ፣ በሆስፒታል ወጥ ቤት፣ ሃያ ዓመት ሠርታለች፤
ሳማክራት፣ እጇን ሳትጠርግ፣ እንዲህ ስትል ላከች፦
"ጎመኑን ለጊዜው ተዉት፤ መጀመሪያ ጥሬው ሽንኩርት ይውጣ።
አተር ካማረው ሌሊቱን ይዘፍዝፍ፤ ያን ውሃ ይድፋ፣ ሌላ ያምጣ።
ካሮት ይቀቅል፤ ሩዝ ይብላ፤ ድንች፣ ትንሽ ዱባ፤
እንስላል ይነስንስበት፤ ጋዝ ያለው መጠጥ ቤቱ አይግባ።
ደግሞ ተቀምጦ ያኝክ! የሚጎርሰው ግማሹ አየር ነው።
ብቻውን የሚበላ ሰው፣ ማን አለ 'ቀስ በል' የሚለው?"

ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረን ነው።
ካሮቱን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል፤ "የጥንቸል ቀለብ!" ይላል፤
ግን ያኝካል።
እሁድ እሁድ፣ ቅኝት በሌለበት ቀን፣ ከበርሜሉ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል፤
"ዛሬ ሆዴ የፈለገውን ያውራ፤ ማን ይሰማኛል?"

ባለፈው ሐሙስ ያን ኦርጋን ጨረስን።
የመጨረሻዋን ፋ ተጫንኩ። ከላይ ድምፁ ጠፋ።
"ያዢ" እንኳ አላለኝም።
ቀና ብዬ ሳይ፣ ሆዱ ዝም ብሏል፤
እሱ ግን መዶሻውን ይዞ፣ ጆሮውን ቁልቁል ደፋ፤
የሚያናግረው ሰው ያለ ይመስል።