ዋጋ ልጽፍ ብዬ

ካርቶን ቀደድኩና እስኪርቢቶ ያዝኩኝ፣
ዋጋ ልጽፍ ብዬ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩኝ።

ሻርጃ፣ ሮላ ጀርባ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ የሰው ኤሲ እንጂ የማያሳይ ሰማይ፣
በኮምፔንሳቶ የተከፈለች፣ ያልጋ ስፋት ጓዳ፤
ማታ ስቱዲዮ ትባላለች፣ ብርድ ልብስ ሲለብስ ግድግዳ።

አንድ ማይክ አለኝ፣ ማኒላ ከሚመለስ ሰው የገዛሁት፣
እግሩ ስለተሰበረ በመወልወያ እንጨት ያቆምኩት።
ቀን የሰው በር እከፍታለሁ፣ ማታ የሰው ጉሮሮ፤
ዋጋ ግን አልቆረጥኩም ነበር፣ ይኸው እስከ ዘንድሮ።

«የቻላችሁትን» እያልኩ የቻሉትን ሰጡኝ፦
አንዱ ሩዝ፣ አንዱ የስልክ ካርድ፤ የቀሩት መረቁኝ።
ኪራይ ሰብሳቢው ኩንጃሙ ምርቃት አይቆጥርም፤
ወር በገባ በሦስተኛው ቀን «አሜን» ብለውት አይሄድም።

ስለዚህ ጻፍኩ፦ «አንድ ሰዓት፣ ሠላሳ ድርሃም»።
በዛ። ሰረዝኩት። ሃያ? ሃያ ደግሞ የመብራትም አይሆንም።

ዴራ ያለው ስቱዲዮ በሰዓት ሁለት መቶ ይላል፤
በሩ ግን መስተዋት ነው፤ ሰው ጥላውን አይቶ ይመለሳል።
እኔ ጋ የሚመጣው ሐዋላ ልኮ በተረፈችው ነው፤
«ሠላሳ» ስለው ከንፈሩ ሲቀንስ ነው የማየው።

ሰዓቱስ ከየት ይቆጠር?
ማይኩ ሲከፈት ነው፣ ወይስ ደጃፍ ላይ ጫማ ሲወልቅ?
ጉሮሮ እስኪፍታታ፣ ሰው ከራሱ ድምፅ ጋር እስኪተዋወቅ?
ልክ ሊያምር ሲል የታች ሰፈር ሞተር ያለፈበትስ?
አዛን ሲባል እጃችንን አጣጥፈን የቆምንበትስ?

ከሁሉም ኤሲው።
ሲቀረጽ አይበራም፤ ድምፁ ይገባል እንደ ንብ፤
አራት ደቂቃ ዘፈን፣ በነሐሴ፣ አንድ ባልዲ ላብ።
«ላብ፦ በነፃ» ብዬ ጻፍኩ።
ሳቅሁ። ሰረዝኩ።

ሙሔ ሾፌሩ መጣ፣ ለወንድሙ ሠርግ ሊዘፍን፤
በባቲ ተነሥቶ አምባሰል ላይ ጠፋብን።
«ማቃኛ፦ ዐሥር» ብዬ ጨመርኩ። ከፈለ፣ ሳይከፋው፤
«ለጎማም እከፍላለሁ» አለኝ፣ «አየር ሲያንሰው ላስነፋው።»

ከዚያ ዘምዘም።
ዐርብ፣ ከአጅማን፣ በአውቶቡስ።
በወር አንድ ግማሽ ቀን ናት ያላት፣ እሷኑ ይዛ መጣች፤
ሻርፗን ሳትፈታ ብርድ ልብሱ ሥር ተቀመጠች።
«ምን ልቅረጽልሽ?»
«ምንም። ሰዓት ነው የምገዛው። ኤሲውን አብራው።
ስሜን የሚጠራ የሌለበት አንድ ሰዓት ነው የምፈልገው።»

አበራሁት።
ጫማዋን አጠገቧ አስተካክላ አስቀመጠች፤
ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ፣ ተኛች።
እኔ በር ላይ፤ ደንበኛ መለስኩ፣ ቀጠሮ ሰረዝኩ፤
ሰዓቷ ሲሞላ እንዴት እንደምቀሰቅሳት አሰብኩ።
ስሟን አልጠራ!
ኤሲውን አጠፋሁት። ዝምታው ቀሰቀሳት።

«ስንት ነው?» ብላ ካርቶኑን አነበበች፤
ከሰረዙ ሥር ያለውን ሠላሳ ለይታ አየች።
ቆጥራ እጄ ላይ አኖረች። «ኤሲ ነበረው» አለች፤
ግማሹን ልመልስ ስል ሊፍቱ ውስጥ ገባች።

ማታ ካርቶኑን አወረድኩት። «እንቅልፍ» የት ረድፍ ይገባል?
ከማቃኛ በታች? ከዘፈን ይረክሳል ወይስ ይወደዳል?
አልጻፍኩም። መልሼ ሰቀልኩት፣ ከነስርዙ።

ትናንት ኩንጃሙ መጣ፤ አማርኛውን ትክ ብሎ አየ፦
«ምንድነው?»
«ዱዓ ነው» አልኩት። ድንግጥ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤
አፍታ ዝም አለ።
ከዚያ፣ በቀስታ፣ ኪራዩን ጠየቀ።