መሳቢያው ውስጥ

የካቲት ነው፣ ማታ፤ ቱርኩ ወደብ ላይ ባሕሩ ረግቷል፣
የስቶክሆልም መርከብ መብራቱን ጎትቶ ከደሴቶቹ ኋላ ጠፍቷል።
በጠፋ ዕቃ ክፍል ኢርያ ላህቲነን መሳቢያ ሳበች፦
ያንድ እጅ ጓንት፣ የቼዝ ፈረስ፣ ክዳኑ የሌለ ቴርሞስ አገኘች፤
ከሁሉ በታች፣ ፊቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ።
ማን እንደጣለው አይናገር፤ መክፈቻ ቁጥሩም አይታወቅ።
ገመድ ስትሰካለት ግን ነፍስ ዘራ፣
ዓይኑን ገና ሳይገልጥ ሰፈሩን በስም ጠራ።

ጆሮ አይሰማውም ይህን ጥሪ። ኢርያ ላፕቶፗን ከፈተች፣
አየሩ የሚለውን በፊደል ሲወርድ ተመለከተች።
ግድግዳው ላይ ያለው የወደቡ ሳጥን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል «እዚህ ነኝ» ይላል፤ ሥራው ነው።
ስልኩ ግን ማድመጥ ብቻ አይበቃውም፤
አንደኛው ቻናል ላይ ቆሞ ያንኳኳል፣ መልስ ቢያጣ አይቆምም፤
ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… እስከ አሥራ ሦስት፣
በየደጃፉ የዓይን ጥቅሻ ታህል ቆይታ፣ ከዚያ እንደገና ካንድ።

«ኮቲላ ሦስተኛ ፎቅ፣ አለህ ወይ?»
ዝም።
«ካፌ ሜሪሜትሶ፣ አለህ ወይ?»
ዝም።
«የሕፃናት ሆስፒታል እንግዶች፣ አለህ ወይ?»
እዚህ ላይ የኢርያ ብዕር ቆመ።
«ፔንቲ የራስህን ግዛ፣ አለህ ወይ?»
ሳቀች፤ ብቻዋን፤ ሳቋ ከቆርቆሮው መደርደሪያ ጋር ተላተመ።

ያሁን ስልኮች ብልጦች ናቸው፤ «ማን አለ?» ብለው በደፈናው
ይጣራሉ፣ በሐሰት ቁጥር፣ ማንነታቸውን ሸሽገው።
ይህ ግን የድሮ ሰው ነው፤ ያደረበትን ቤት በሙሉ
ለጨለማ ይዘረግፋል፤ ሰሚው ሌባ ይሁን ወዳጅ፣ አይለይም ቃሉ።

አሳዘናት። የራሷን ሳጥን ስም አጥፍታ
«ኮቲላ ሦስተኛ ፎቅ» ብላ ጻፈች፣ ፊደሉን አንድ ባንድ ቆጥራ።
«አለሁ» አስባለችው።
ስልኩ ሰማ፤ ሮጠ፤ ደጁ ላይ ቁልፉን ሞከረ፣
አልገጠመም። አሁንም ሞከረ።
ከዚያ ትቶት ሄደ፤
ሌላ ስም ተጣራ።

ኢርያ ያፈረች ይመስል ሳጥኑን ወደ ስሙ መለሰች፤
በካርቶን ቁራጭ ላይ በወፍራም ቀለም ይህን ጻፈች፦
«ቤቱ ‹ኮቲላ ሦስተኛ ፎቅ› የሚባል፣
ፔንቲ የሚባል ጎረቤት ያለው፣
ጠዋት ይምጣ።»
ሆስፒታሉን አልጻፈችም።
በሩ ላይ ለጠፈችው። መብራት አጠፋች።
ደንቡ ይከለክላል፤ ገመዱን ግን አልነቀለችም።