ከወጪ ቀሪ

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መርከብ ቆጥሬ
ቫልፓራይሶ ኮረብታ ላይ ቢሮ ከፈትኩ ተበድሬ።
ቢሮ ስል አትሳቁ፤ ከመረብ ጠጋኞች ቤት በላይ፣
ሀብቱ ይመዝገብ፦ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ብዙ ሰማይ።

የመጀመሪያው ደንበኛ፣ ጫማ ሰፊው ቤንሴስላዎ መጥቶ
ደረሰኙን ዘረገፈው ከቦት ጫማ አውጥቶ።
የኦቲልያ ደረሰኝ ደግሞ ዘይት የጠጣ ነው፣
ቁጥሩን መብራት ፊት ይዤ ነው የማየው።

ዓሣ አጥማጁ ዶን ኢላርዮ ግን በየወሩ ወጪው
ጨው፣
ጨው፣ አሁንም ጨው።
«ይህ ሁሉ» አልኩት፣ «ባሕሩን ነው እንዴ የምታጣፍጠው?»

ቆቡን አዟዟረ። መሬት መሬት አየ።
«አንዲት ልጅ አለችኝ፣ እዚያ ማዶ…» ድምፁ ተለየ።

ጨው የሚለውን ሰረዝኩ፤ በቀይ ብዕር ጻፍኩ፦
«ባለቤቱ ለራሱ የወሰደው»። ግብሩንም ጨመርኩ።
ሳያጉረመርም ከፈለ። በወሩ ሲመለስ
«ማይቴ» ብሎ ጽፎ መጣ፣ በገዛ እጁ፣ ቀስ በቀስ።

የኔስ? ኪራይ ወጣ፣ ቀለም ወጣ፣ የመብራት ዕዳ ወጣ፤
ዶን ኢላርዮ ክፍያዬን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ።
ማታ መዝገቤን ዘጋሁ፦ ከወጪ ቀሪ ሁለት ዓሣ።
ጠዋት አንድ ሆኖ ቆየኝ፣
የመረብ ቤቷ ድመት ቀንሳ።