ዘር ቆጣሪዋ

ራስ አል ኸይማ ነው፣ ከጨው ረግረግ ዳር፣
የምርምር ጣቢያው፣ ከቴምሩ ባሻገር።
ወለል ልወለውል ተቀጥሬ ነበር፣
ሰባቱን ክፍልና ረጅሙን ኮሪደር።
አንድ ቀን የፈሰሰ ፍሬ ስለቅም አይታ
ዶክተር ሸምሳ ቆመች፣ ከበሩ ላይ፣ ለአፍታ፤
«ዓይንሽ ስል ነው» አለች፣ ወረንጦ ሰጠችኝ፣
ከዚያን ቀን ጀምራ ዘር አስቆጠረችኝ።

ዘር እቆጥራለሁ እኔ።
(አገር ቤት ይህን ቃል የሰማ ጎረቤት
ወይ ዱላ ያነሣል፣ ወይ ይለቃል ቤት።)
እዚህ ዘር ማለት ግን የባሚያ ፍሬ ነው፣
ከአተር አነስ ያለ፣ ግራጫ፣ ድብልብል፣
መቶ በየሳህኑ፣ በየሳህኑ ጨው።
አንደኛው ንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው ለዘብ፣
ሦስተኛው የጉድጓድ፣ አራተኛው ባሕር።
ባሕሩ ከሥር ሰርጎ እርሻው ገብቷልና
ገበሬው ውኃውን ቀምሶ ይተፋዋል፣
በየጠዋቱ፣ እንደገና።

«እነዚህ ዘመድ ናቸው» አለችኝ አንድ ማታ፣
ባሚያ፣ ከርከዴና ጥጥ ባንድ ላይ አስተኝታ።
መጽሐፉን ስትገልጥ ታየኝ የማውቀው ቅርንጫፍ።
ጭፍርግ!
ከሐርቡ በላይ ያለው ደጃችን
የተጠረገበት፣ አቧራ የጠገበ፣
የጥጥ ያክስቱ ልጅ! ማን ይህን አሰበ?

«በምን አወቃችሁ?»
በማጉያው አሳየችኝ። አበባው መሐል ላይ
ወንዴው ሁሉ ታስሮ እንደ ጧፍ ቆሟል፤
ቅጠሉ ላይ ያለው ፀጉር ኮከብ መስሏል፤
ግንዱ ሲገሸለጥ ልጥ ይወጣዋል፣
ሲወቅጡት ደግሞ ይዝለገለጋል።
ሌላ ምስክር የለም። አያት አይጠሩም፣
ከየት ነው የመጣሽ ብለው አይመረምሩም።

ታኅሣሥ ላይ ዘነበ፣ ሁለት ቀን ብቻ።
ከኤሲው ጠብታ ሥር፣ ከግድግዳው ስንጥቅ
ክብ ቅጠል ወጣች፣ ጠርዟ ሽብሽብ፣ ፍልቅቅ።
«አረም ናት፣ ንቀያት» አለኝ አትክልተኛው ራጂቫን።
አልነቀልኳትም። ልት ናት። የእግሬን እባጭ፣ አንድ ዘመን፣
እናቴ ወቅጣ ያሰረችበት፣
ሌሊቱን ቀዝቅዞኝ ያደርኩበት።

ዶክተር ሸምሳ ስታያት ተንበረከከች።
«ኹበይዛ!» አለች።
«ስሟ ከኹብዝ ነው፣ ከዳቦ። ፍሬዋን ተመልከቺ።»
እውነቷን ነው፤ የጥፍር ታህል ክብ ዳቦ፣
ለጉንዳን ልጆች የተቆራረሰች።

ዘሯን ለቀምን። ቆዳው ድፍን ነው፣
በአሸዋ ወረቀት ካልፋቁት ውኃ አያስገባም፤
ፋቅሁት። ቆጠርኩት። በአራቱም ጨው ላይ አኖርኩት።
በአሥረኛው ቀን፣ ከባሕሩ ሳህን፣
ባሚያው ባዶ።
ልቷ፣ ከመቶው፣ ሦስት።
ሦስቴ ቆጠርኩ። ሦስት።

ቅርንጫፏን በጋዜጣ መሐል ተጭነን አደረቅናት፣
በነጭ ወረቀት ላይ በክር ሰፋናት።
ጥጉ ላይ ሦስት መስመር አለ፤
ስፍራ፣ ቀን፣ ሰብሳቢ።
«ስምሽን ልጻፍ» አለችኝ።
በፓስፖርቴ ሰሚራ ነኝ። ደላላው ነው ያወጣልኝ፣
አምስት ዓመትም ጨምሮ፣ በአንድ ጀምበር አሳድጎኝ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ሰሚራ ሲሉኝ
«አቤት» ብያለሁ።

«ይህ ወረቀት» አልኳት «ስንት ጊዜ ይቆያል?»
«ብል ካልበላው፣ ሦስት መቶ ዓመት ያልፋል።»
ሦስት መቶ ዓመት።
ለአንድ ውሸት ይበዛል።

«ስንቅነሽ» አልኩ። «ስንቅነሽ ዘገየ።»
እስክሪብቶው ቆመ፣ ዓይኗ እኔን አየ።
አልጠየቀችኝም። ፊደል በፊደል አስደገመችኝ፣
«ምን ማለት ነው?» ብቻ አለችኝ።
«የመንገድ ምግብ» አልኩ። ወደ ልቷ ዞረች፣
ወደ ትንንሾቹ ዳቦዎች፣
ጻፈች።

ፓስፖርቱ አሁንም፣ ከድርጅቱ መሳቢያ፣ ሰሚራ ነው።
ከጠረጴዛው ሥር የረገፈ ቅጠል ነበር፤
ጭፍርግ እዚህ የለም፣
በፕላስቲክ መጥረጊያ ጠረግሁት።
ነገም ዘር አለ፣ መቶ በየሳህኑ።