የተቃና ምስማር

ሌሊቱን ነደደ ቤተ ጸሎታችን፤
ሲነጋ አመድ ነው የቀረን በጃችን።
ሚሲሲፒ ነው አገሩ፣ ከጥጡ ማሳ ዳር፣
ቀን ዱቤ የሚጽፍልን ባለሱቅ ጎረቤት
ማታ ፊቱን ሸፍኖ የሚዞርበት መንደር።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እናቴ ቆማለች፣
በተሰነጠቀው ደወል ላይ መዳፏን አኑራ፤
ክሊዮፈስ ጠመንጃ ከመኪናው አውርዶ
ይንጎራደዳል ብቻ፣ ስም እየጠራ።

ዲያቆን ፔቲግሩ ግን ከአመዱ መኻል ቁጢጥ ብሎ፣
ባዶ የቀለም ጣሳ ከጉልበቱ ሥር አስጠግቶ፣
ምስማር ይለቅማል።
ጎባጣ፣ ጥቁር፣ ገና ያልበረደ፤
በሸሚዙ ጫፍ ይይዛል። ይጥላል። ቀጭ ይላል።

“ኦዴሳ፣” አለኝ፣ “ድንጋይ አምጪ፣ ጠፍጣፋውን፣
ከውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን።”
አመጣሁ። መዶሻ አነሣ።
ሰፈሩ ሁሉ ዝም፤ መዶሻው ብቻ የሚያወሳ።
ባቃና ቁጥር “ቀና በል” ይለዋል፣ እንደ ልጅ ቆጥሮት፤
አንገቷን የደፋች እናቴን
ቀና ስትል አየኋት።

“ምስማር እኮ ርካሽ ነው፣” አልኩት፣ “በሳንቲም ይሸጣል፤
ደግሞ አቶ ሲልቬስተር፣ እሳት ያየ ብረት ይለሰልሳል፣
ጣሪያ አይሸከምም ይላል።”
“እውነቱን ነው፣” አለ። ሌላ አነሣ፤ መታ፤
በአንድ ዐይኑ አጨንቁሮ አየው፤ ጨመረ አንድ ምታ።
“ለጣሪያው አዲስ እንገዛለን። ይኼኛው ሌላ ሥራ አለው።”
ምን ሥራ እንደሆነ ያን ቀን አልነገረኝም፤
እኔም ልጅ ነኝና ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

ክሊዮፈስ መጣ። “ሽማግሌ! ያቃጠለን ሰው
እዚያ ማዶ ቁርሱን ሲበላ፣ አንተ ብረት ታቃናለህ?”
“እኔ የማውቀው ማቃናት ነው፤ አንተስ ምን ታውቃለህ?
ና፣ ጣሳውን ያዝልኝ።”
ጠመንጃው ከዛፍ ተደገፈ፣ ብዙ ቆይቶ፣
ክሊዮፈስም ያዘ፤ እየተሳደበ፣ አመድ እየተፋ፣ ተቀምጦ።

በዚያው በጋ ፍርድ ቤት ሄድን፣ ልንመዘገብ ለምርጫ፤
እሱ ከኋላ ነው ሁልጊዜ፣ ከሰልፉ መቋጫ፣
በአንድ እጁ የውኃ ባልዲ፣ በሌላው ትርፍ ጫማ።
ጋዜጠኛው መሪያችንን ከፊት ፈልጎ አጣው፤
ውኃውን ግን ከእሱው እጅ ተቀብሎ ጠጣው።

ጸሐፊው በመስኮት፣ “በአንድ ሐብሐብ ውስጥ ስንት ፍሬ አለ?” ቢለው፣
“ዘሪው እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ቆጣሪው ሌላ ነው።”
ሰባት ጊዜ ጣሉት።
በስምንተኛው ያንኑ ክራቫት አሰረና መጣ፤
ስሙን ጻፉለት። ባልዲውን አንሥቶ ወጣ።

አንድ ሌሊት ብቻ ሰማሁት፣
የተደበደበውን ክሊዮፈስን፣ አንድ ዐይኑ የጠፋውን፣
ሐኪም ቤት አድርሶ ሲመለስ፣
መኪናው ውስጥ፣ በጨለማ፣ መሪውን ተደግፎ፦
“ዛሬም አልመለስክልኝ። ይሁን። ዝም በል።
ነገም ማልጄ እመጣለሁ፤ ወለሉ መጠረግ አለበት።”
ስለ እምነት የማውቀው ይኸው ነው፤
ሰባኪ አልጨመረበት።

አዲሱ ቤት ሲቆም፣ ጣሪያው በአዲስ ምስማር ሲመታ፣
ፔቲግሩ ጣሳውን ከአልጋው ሥር አወጣ በዚያ ማታ፤
ከበሩ በስተግራ፣ በሰው ትከሻ ልክ፣
አርባ ሁለት ቸነከረ፣ አንድ በአንድ።
“ከማሳ የመጣ ሰው፣” አለ፣
“ኮቱን የሚሰቅልበት ይፈልጋል።”
ሌላ አላለም።

የቀበርነው ቀን ዘነበ። አርባ ሁለቱም ኮት ያዙ፤
ወለሉ ረጠበ፣ የሚጠርገው የለም።
አንዱ ምስማር ጎበጠ፣ ካፖርት ከበደው፤
ክሊዮፈስ በቀረችው ዐይኑ አጨንቁሮ አየው፤
ነቀለው፤ በመዳፉ መዘነው።
ከዚያ ባዶ ራሱን በዝናቡ ወጣ።
ጠፍጣፋ ድንጋይ ፍለጋ ነው።