አሥራ አንድ ተኩል

በርገን እንደ ልማዷ ጣሪያ ታጥባለች፣
ዓመቱ ተሟጦ አንዲት ሌሊት ቀርታለች።
ሕሊና ልጄ ርችት ልታይ ወደብ ወርዳለች፣
"ብቻህን ምን ትሠራለህ?" ብላኝ ሄዳለች።
ምን እሠራለሁ? ሰማያዊውን ደብተር ገለጥሁ፣
ያነበብሁትን ልቆጥር፣ መነጽሬን ወልውዬ ተቀመጥሁ።

አሥራ አንድ ተኩል። ይኸው ነው ድምሩ።
ሰዎች ሠላሳ ነው፣ አርባ ነው ብለው ሲያወሩ
እሰማለሁ። እኔ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣
ቀን በእንፋሎት የምቀቀል፣ ማታ በአንድ ዓይን አንባቢ፤
አንዱ ዓይኔ ሲያንቀላፋ ሌላው ዐሥር ገጽ ከዘለቀ
ያ ቀን ሲሳይ ወርዶለት በወግ በወጉ አለቀ።

ጥር ላይ የባሕር መብራት ጠባቂ ታሪክ፣ ወፍራም፣
በቁጥር ሦስት አውቶቡስ፣ ቆሜ፤ መቀመጫ የለም።
እሱ ሚስቱን ባጣባት ገጽ እኔ መውረጃዬን አጣሁ፣
በዝናብ ሦስት ፌርማታ ወደ ኋላ በእግሬ መጣሁ።

የካቲት ባዶ ነው። ቦይለሩ ተሰብሮ፣ ልጄን ጉንፋን ጥሏት
የመድኃኒቱን ወረቀት ብቻ ነበር ያነበብሁላት፤
"ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ"፣
ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ፣ ያው በዚያ ትካዜ።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ በአምስት ክሮነር፣ የግጥም መድበል፤
ውስጡ የማላውቀው ሰው ዝርዝር፦ ሻማ፣ ሽንኩርት፣ ዕንቁላል፣
ለድመቷ ዓሣ፣ ርካሹን።
ግጥሞቹ በነው ጠፉ፤ ዓሣው ግን አብሮኝ አለ እስካሁን።

ከአጎቴ ልጅ ሻንጣ፣ ከበርበሬ ጋር ተጉዞ
አንድ የአማርኛ ልቦለድ መጣ፣ ሽታውን ይዞ፤
ባስነጠስሁ ቁጥር ዓይኔ ዕንባ ሲያቀር
አጠገቤ የተቀመጠች ሴት መሐረብ ሰጠችኝ፤ ታሪኩ እኮ አስቂኝ ነበር።

ሌሎቹን አልዘረዝርም። አንዱን ለሽፋኑ፣
አንዱን የቤተ መጻሕፍቱን ቅጣት ፈርቼ፣ በመጨረሻው ቀኑ፣
ሁለቱን፣ እውነት ለመናገር፣ መሐል መሐሉን ዘልዬ፣
ይቆጠራሉ ብዬ።

ግን ያች ተኩሏ።

ከበላዬ ወይዘሮ ቶርዲስ ነበሩ፣ ዓይናቸው የከዳቸው፣
በግንቦት ደረጃ ላይ ያዙኝ፣ መጽሐፍ በብብታቸው።
"አንብብልኝ" አሉ። "ኖርዌጂኛዬ እኮ ስብርብር ነው" ብላቸው
"የኔም ዓይን ስብርብር ነው፤ ተገጣጠምን" ነው መልሳቸው።

ማክሰኞና ዓርብ። የአንዲት ደሴት ሰዎች፣ መረብና በግ፣
ቃል ስሰብር ከዘራቸው ወለሉን ኳ! ሲያደርግ፣
አንዲቱን ፊደል ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ስመልሳት
ሳቃቸው ወለሉን አልፎ ሕሊናን ታች ሲቀሰቅሳት።
ስንት ማታ የመጽሐፉን ትቼ የሳቸውን ገጽ ሳይ
ቀዘቀዘ፣ ስንት ስኒ ሻይ።

በጥቅምት፣ ምዕራፍ ሰባት ላይ፣ ጀልባዋ ገና ሳትመጣ፣
ዓርብ ሳንኳኳ ልጃቸው ኤይናር ከፈተ፤ ቃል አጣ።
ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ነው፤ ቃሉን ድሮም አውቀዋለሁ፣
ሰው ሲያርፍበት ግን ገና ዘንድሮ አየሁ።
መሐሉ ላይ የሱፍ ክር ያለበትን መጽሐፍ ሰጠኝ፤
ሁለት ወር ሙሉ ከፍሪጁ ላይ አፈጠጠብኝ።

"ተኩል" የምትለው ቃል ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፣
ውጪ ርችቱ ጭጋግ ውስጥ ፈነዳ፣ ከሰመ።
ልጄ ገባች፣ ጸጉሯ ውሃ፣ ጫማዋ ጭቃ፣
"ምንም አይታይም!" አለች፣ ተናድዳ፣ ደግሞ ስቃ።
ምን እንዳየች እንጃ፣ መጽሐፉን ከፍሪጁ አወረደች፣
ክሩን ጣቷ ላይ ጠምጥማ፣
"ታች ተኝቼ ስሰማው ነበር፤ ጀልባዋ ግን ተመለሰች?" አለች።
ቆማ ማንበብ ጀመረች።
ቀጥ ያለ ኖርዌጂኛ፣ የዚህ አገር ልጅ ምላስ፣
አንዲት ፊደል ሳትሰብር፣ ሳትመለስ።

እኔ ግን ሳላስበው
ተረከዜ ወለሉን ኳ! አደረገው።

"ምን አጠፋሁ?" አለች።
"ምንም" አልኋት። "ቀጥይ።"