ቆጣሪ

ሐምሌ ነው። ከጦሳ ጭጋግ ተንሸራቶ
ሆጤን አልብሷታል፣ ጣራዋን አጥፍቶ።
የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ
ቀበሌው ቀጠረኝ በቀን አበል ዋጋ።
ጠመኔው በኪሴ፣ ቅጹ በፌስታል፣
ጫማዬ ከጭቃው ሒሳብ ይተሳሰባል።

ከአስፋልቱ በታች ድንጋይ ደረጃ አለ፤
ሰማንያ ሁለት ነው፣ እግሬ ካላበለ።
ከሥሩ ነው ያለው የእቴ ጦይባ ቤት፤
በሩ ላይ ሦስት ቁጥር፣ የሦስት መንግሥት፣
አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በቀይ ቀለም፣
ሦስተኛውን ዝናብ አጥቦታል፣ የለም።

አንኳኳሁ።
«ማነው?»
«ቆጣሪ ነኝ፣ እናቴ።»
«ቆጣሪው ከጓዳው በር ኋላ ነው፣ ግባ በሞቴ!
ባለፈውም ወር አብዝታችኋል፣ አንድ አምፖል ነው ያለኝ፤
ምን ቢበላ ነው መብራታችሁ በጨለማ የሚያስከፍለኝ?»

«የመብራት አይደለሁም፤ ሰው ነው የምቆጥር።»
እስኪበቃት ሳቀች። «ሰውም አለው ቁጥር?»

በርጩማ ሰጠችኝ። ቅጹን ገለጥሁ፤
«ስንት ናችሁ?» አልሁ።
«አልሐምዱሊላህ» አለች።
ሳጥኑን አየሁ፤
አልሐምዱሊላህ የሚጻፍበት ቦታ አጣሁ።

«እኮ፣ በቁጥር?»
«ልጅ አይቆጠርም፣ ዓይን ይበላዋል፤
ጭልፋውን ጠይቀው፣ እሱ ያውቀዋል።
ወጡ ደኅና ሲሆን ሰባት ጭልፋ ነን፤
ሲከፋ ዘጠኝ ነን፣ ጎረቤት አለን።
ሰኞ ገበያ ውሎ የመሸበት ካለ፣
እሱንስ ለጭልፋው ማን እንግዳ አለ?»

«ኤክስን ፈልጉ» እያልሁ ልጆች ሳስለፈልፍ፣
ኤክስ ጉልቻ ላይ ነበር፣ በጭልፋ ጫፍ።

ቅጹ ግን ሞኝ ነው፤ አንድ አሃዝ ነው የሚሻው፤
«ትናንት ሌሊት እዚህ ያደረ ማነው?»
«ሙሔ ኮምቦልቻ ነው፣ ፋብሪካ ክር ቆጥሮ ያድራል፤
የትም አይተኛም ሌሊት፤ እሱስ ምን ይባላል?»

እርሳሴ ቆመ።
ሳህን ቀረበ፤ ሽሮው ይንተከተካል ገና።
«አንተንስ ማን ቆጠረህ?» አለችኝ እንደ ቀላል ነገር፣ ቀና ብላ፣ ደኅና።

እኔ ሰው ስቆጥር፣ ቧንቧ ውሃ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ባልደረባዬ መጥቶ፣ ጓጉንቸር አይቶ፣
«ማንም የለም» ብሎ፣ ጠመኔውን ስቦ
ማለፉን ሰምቻለሁ፤ ለካ እኔ ነኝ አልቦ።

«በል ብላ፤ ስምንት» አለች፣ ጭልፋውን ገልብጣ።
ከሰው ቆጠረችኝ፣
ሳትጽፈኝ፣ ሳታስፈርመኝ፣ መታወቂያ ሳትል አምጣ።

ማታ ተቆጣጣሪው ሁለቴ ደምሮ፣
እርሳሱን ነክሶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣
«አንድ ሰው ተርፏል» አለ፣ «ከየት የመጣ ነው?
ላጲስ ስጠኝ እስኪ፣ ትርፉን እናጥፋው።»
ኪሴን ዳበስሁ። አለ፤ ከጠመኔው ጋራ።

«የለኝም» አልሁት።
ታች፣ ሆጤ፣ አንድ አምፖል በራ።